የመጀመሪያ ስቴቶስኮፓችሁን ስትገዙ፦ ለሲ ዋን ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

(ሲ ዋን ማለት የመጀመሪያው ክሊኒካል አመት ነው፤ ንግግሩ ዋርድ፣ ማለትም የበሽተኞች መኝታ ክፍል፣ ሊገቡ ለተዘጋጁ የህክምና ተማሪዎች በተደረገ ስብሰባ ላይ የቀረበ ነው። ከድምፅ ቅጂ ላይ ብዙም ሳይነካ ተገለበጠ።)

እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሺ ጥሩ።

በመጀመሪያ ይሄን ፕሮግራም ላዘጋጃችሁ የተማሪዎች ማህበር አባላት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። መምህራን፣ ስፔሻሊቲ የምትማሩ ረዚደንት ሐኪሞች፣ ወላጆችም መጥታችኋል መሰለኝ በዛ በኩል እናቶች አያለሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሲ ዋኖች ደሞ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ! አናቶሚው ባዮኬሚስትሪው ምናምኑ አለፈ፣ አሁን ጋዋን ለብሳችሁ ከሰው ጋር ልትገናኙ ነው።

አዘጋጆቹ ርእሱን ስነግራቸው ሳቁ። "ዶክተር፣ ስለ ስቴቶስኮፕ ብቻ?" አሉኝ። አዎ፣ ስለ ስቴቶስኮፕ ብቻ! ለምን ብትሉኝ በየአመቱ ይሄ ጊዜ ሲደርስ ኮሪደር ላይ የሚያስቆመኝ ተማሪ ጥያቄው አንድ ነው፣ በቴሌግራም የሚጽፍልኝም ጥያቄው አንድ ነው፣ "ዶክተር የቱን ልግዛ?" ወላጅ ሳይቀር ይደውልልኛል፣ "ልጄ ይሄን ካልገዛህልኝ አልማርም አለችኝ" ብሎ። ስለዚህ ዛሬ ለሁላችሁም አንዴ ልመልስና ልገላገል።

ሦስት ነገር ነው የማነሳው። አንደኛ እቃው ምን እንደሚሠራ፣ ሁለተኛ የቱን እንደምትገዙ፣ ሦስተኛ ከገዛችሁት በኋላ ምን እንደምታደርጉበት። ሁለተኛውን ነው የምትጠብቁት አውቃለሁ፣ ግን አንደኛውን ሳትሰሙ ሁለተኛው አይገባችሁም።

እሺ አንደኛው። ይሄ እቃ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ውስጥ ኔከር በሚባል ሆስፒታል ሬኔ ላኔክ የሚባል ሐኪም ነበር። በዛን ጊዜ ሐኪም ልብ የሚያዳምጠው ጆሮውን ቀጥታ ደረት ላይ ለጥፎ ነው። አንዲት የልብ ህመም ምልክት ያላት ወጣት ሴት መጣች፣ ወፈር ያለች ናት፣ በዛ ላይ ወጣት ሴት ደረት ላይ ጆሮ መለጠፍ ነውር ነው፣ ምን ያድርግ? ወረቀት ጠቀለለ፣ አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ አንዱን ጆሮው ላይ አደረገ፣ ጆሮውን ቀጥታ ቢለጥፍ ከሚሰማው የበለጠ ጥርት ብሎ ተሰማው። ከዛ በእንጨት ሠራው፣ በ1819 የሰማውን ሁሉ በመጽሐፍ አወጣ። የሳንባ ነቀርሳን ድምፅ በዝርዝር የጻፈልን ይሄ ሰው ራሱ በነቀርሳ ነው የሞተው፣ በ1826፣ ገና 45 አመቱ ነበር።

ይሄን የነገርኳችሁ ለታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እቃው የተወለደው ከይሉኝታ ነው! ዛሬም እኛ ዋርድ ውስጥ ያሉት እናት ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው ነው የሚጠብቋችሁ። እናንተ ደሞ ታፍራላችሁ፣ ታፍሩና በነጠላ፣ በሹራብ፣ በቀሚስ ላይ ታዳምጣላችሁ። ሹራብ ውስጥ ምን አለ? የሹራብ ድምፅ ነው ያለው! "እማማ፣ ልብዎን ላዳምጥ ነው፣ ልብስዎን ትንሽ ከፈት ያድርጉልኝ" ማለት ነው፣ መጋረጃውን መሳብ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። እሱን ወደ ሦስተኛው አመጣዋለሁ።

አሁን እቃውን እዩት፣ ያላችሁ አውጡት። ደረት ላይ የሚያርፈው ጭንቅላት ሁለት ፊት አለው። ሰፊው ጠፍጣፋው ዳያፍራም ነው፣ ትንሹ ጎድጎድ ያለው ቤል ነው። ዳያፍራም ቀጭን ድምፅ ያሳልፋል፣ ወፍራሙን ይቀንሳል። አንደኛና ሁለተኛው የልብ ድምፅ፣ የሳንባ ድምፅ፣ ኤዎርቲክ የሚባለው የልብ በር፣ ቫልቩ፣ ሲያፈስ የሚሰማው፣ እነዚህ በዳያፍራም ነው፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑት። ቤል ደሞ ወፍራሙን ዝቅተኛውን ድምፅ ነው የሚይዘው፣ እሱን ደረት ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው፣ አትጫኑት! ከተጫናችሁት ከስሩ ያለው ቆዳ ይወጠርና ራሱ ዳያፍራም ይሆናል፣ ልትሰሙት የፈለጋችሁት ድምፅ ይጠፋል። ይሄን ፊዚካል ዳያግኖሲስ በሚባለው ኮርስ ላይ ያስተምሯችኋል፣ ትጽፉታላችሁ፣ ትፈተኑበታላችሁ፣ ከዛ ዋርድ ገብታችሁ ሁላችሁም ትጫኑታላችሁ።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ተማሪ ሆነን ነው። አንዲት ልጅ ተኛች፣ ሃያ አመት አልሞላትም፣ ከገጠር ነው የመጣችው፣ የስድስት ወር እርጉዝ ናት። ትንፋሽ ያጥራታል፣ ማታ አፍኗት ትነቃለች፣ አክታዋ ላይ ደም አለ። ከኛ በፊት የታየችበት ቦታ መጀመሪያ ኒሞኒያ፣ የሳንባ ምች፣ ተብላ አንቲባዮቲክ ወስዳለች፣ አልተሻላትም፣ ከዛ ቲቢ ነው ሊባል ነበር። ራውንድ ላይ፣ በሽተኞችን እየዞርን ስናይ፣ ተሰበሰብን፣ ተራ በተራ አዳመጥን፣ አንዱ ጓደኛችን ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣለት ቆንጆ ስቴቶስኮፕ ነበረው በዛም ሰማን፣ "ምን አለ?" ስንባል ፍጥነት ከመጨመሩ በቀር ምንም የለም አልን።

አቴንዲንጋችን፣ የሚያስተምረን ስፔሻሊስት ሐኪም ማለት ነው፣ ምንም አላለንም። ከነርሶቹ ጋሪ ላይ ለቢፒ፣ ለደም ግፊት፣ የሚጠቀሙበትን ባለ ሁለት ቱቦ ስቴቶስኮፕ አነሳ። "እህቴ፣ ወደ ግራ ጎንሽ ዞር በይልኝ" አላት። ዞረች። የልቧን ጫፍ በጣቱ ፈልጎ አገኘ፣ ቤሉን እዛ ላይ አሳረፈው፣ አስተነፈሳት፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ዝም አስባለ፣ ጥግ ላይ የነበረውን ሬዲዮ ሳይቀር አስጠፋ። ከዛ ጆሮው ላይ የነበረውን አውልቆ ቤሉን ሳያነቃንቅ ለኛ አቀበለን። ተሰማ! እንዴት እንደሚሰማ ልንገራችሁ፣ ሌሊት ተኝታችሁ ከሩቅ አስፋልት ላይ ጭነት የያዘ አይሱዙ ሲያልፍ እንደሚሰማው ነው፣ ከምት በኋላ ዱርርርር የሚል፣ ከጆሮ ይልቅ የሚሰማችሁ በአጥንት ነው።

ማይትራል ስቴኖሲስ ነበረባት። ማይትራል የሚባለው የልቧ ቫልቭ ጠቧል። በልጅነት ጉሮሮ ታማ፣ ያልታከመ ቶንሲል፣ ከዛ ሩማቲክ ፊቨር፣ ከዛ ልብ። እስከዛ ድረስ ችላው ኖራለች፣ እርግዝና ሲመጣ ደም ሲጨምር በጠበበው በር ማለፍ አቃተው፣ ወደ ሳንባ ተመለሰ። ኒሞኒያ አይደለም፣ ቲቢም አይደለም።

ለምን ነገርኳችሁ? የእንግሊዝና የአሜሪካ ተማሪ ስቴቶስኮፕ ሲመርጥ የሚያነበውን ምክር እናንተም ታነባላችሁ፣ ግን በሀብታሞቹ አገሮች ሩማቲክ የልብ በሽታ ብርቅ ሆኗል። እኛ ጋ ግን ብርቅ ነው እንዴ? በየዋርዱ አለ፣ ህጻናት ክፍል አለ፣ ማዋለጃ ክፍል አለ። ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንዱ፣ ያለው ደሞ ትልልቅ ከተማ ነው። ተመርቃችሁ የምትመደቡበት ቦታ ላይ ኢኮ የለም፣ እናንተ ናችሁ ያላችሁት፣ ከናንተ ጋር ያለው ቤሉ ነው። ስለዚህ እኔ የማምንበት ይሄ ነው፦ ስቴቶስኮፕ ስትገዙ በቤሉ ግዙ። በብራንዱ አይደለም፣ በቀለሙ አይደለም፣ በቤሉ። ዝቅተኛ ድምፅ በደንብ የሚያሰማ ነው ወይ? ይሄን ጠይቁ።

እሺ ሁለተኛው፣ የጠበቃችሁት። የቱን?

ሊትማንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዴቪድ ሊትማን ሃርቫርድ የነበረ የልብ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቀለል ያለ ስቴቶስኮፕ ሠራ፣ በ1967 ስሪ ኤም የሚባለው ድርጅት ገዛው። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ከስሪ ኤም የተገነጠለ ሶልቬንተም የሚባል ድርጅት ነው የያዘው፣ ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ሌላ ስም ብታዩ አትደንግጡ። አሪፍ እቃ ነው፣ አልዋሽም፣ አንገቴ ላይ ያለውም እሱ ነው። ግን ሊትማን ሲባል አንድ አይነት አይደለም። ላይትዌት አለ፣ ክላሲክ ስሪ አለ፣ ካርዲዮሎጂ ፎር አለ። ካርዲዮሎጂው ከክላሲኩ ዋጋው እጥፍ አካባቢ ነው።

ካርዲዮሎጂ ፎር አትግዙ። ደግሜ ልበለው፣ ሲ ዋን ሆናችሁ ካርዲዮሎጂ ፎር አትግዙ! መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ልዩነቱን ለመስማት መጀመሪያ ጤነኛውን ከበሽተኛው የሚለይ ጆሮ ያስፈልጋል፣ እሱ ጆሮ ገና አልመጣም፣ ሲመጣ በደመወዛችሁ ትገዙታላችሁ። ሌላው ደሞ ይጠፋል። ዋርድ ውስጥ ስቴቶስኮፕ ይጠፋል ጎበዝ! ሌባ ስላለ ብቻ አይደለም፣ ኢንተርኑ፣ የመጨረሻ አመቱ ተማሪ፣ ይዋሳችኋል፣ ከኢንተርኑ ረዚደንቱ ይዋሳል፣ ረዚደንቱ ለኢመርጀንሲ ይጠራል፣ በቃ ሄደ። ያ ከአሜሪካ የመጣለት ጓደኛችን ሴሚስተሩን አልጨረሰበትም። አጎቱ ቨርጂኒያ ታክሲ እየነዳ የላከለት ነው፣ እስከዛሬ ሲገናኙ ይነሳል።

ከቻላችሁ ክላሲክ ስሪ ወይም እሱን የሚመጥን ሁለት ፊት ያለው በቂ ነው። ክላሲክ ስሪ ላይ አንድ ነገር እወቁ፣ ሲገዛ ቤል የሚመስለው ትንሹ ፊት ላይ ዳያፍራም ተገጥሞበታል፣ ለህጻናት ነው። አሠራሩ ቀስ ብላችሁ ስታሳርፉት ዝቅተኛውን፣ ስትጫኑት ከፍተኛውን ድምፅ ይሰጣችኋል። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ አመታት ይጠቀምበታል። ዳያፍራሙን አውጥታችሁ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ጎማ ቀለበት ስታስገቡበት ግን ክፍት ቤል ይሆናል። እኔ ተማሪዎቼን እንደዛ አድርጉት ነው የምላቸው፣ እጃችሁ ቤልን ይልመድ። ያንን ትንሽ ጎማ ከካርቶኑ ጋር እንዳትጥሉት።

አሁን ገንዘብ እናውራ። በኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ጀምሮ የውጭ እቃ ዋጋ የት እንደደረሰ እኔ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ክላሲክ ስሪ እዛው አሜሪካ መቶ ዶላር አካባቢ ነው፣ እዚህ ሲደርስ አስሉት። ውጭ ዘመድ ያላችሁ፣ የሚመጣ ሰው ካለ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም፣ ለምኑ፣ ሞዴሉን ጽፋችሁ ላኩ፣ "ስቴቶስኮፕ አምጪልኝ" ብቻ ካላችሁ አክስታችሁ መጫወቻ ይዛላችሁ ትመጣለች። ዘመድ የሌላችሁስ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ አብዛኛው ዘመድ የሌለው ነው፣ እናቱ ሽንኩርት ሸጣ ያስተማረችው ነው። ለናንተ ነው በደንብ የማወራው።

ያ አቴንዲንጋችን ያነሳው ባለ ሁለት ቱቦ፣ ስፕራግ ራፓፖርት ይባላል። ርካሽ ነው። ከባድ ነው፣ አንገት ይጎትታል፣ ሁለቱ ቱቦዎች ሲነካኩ ይንሿሿል፣ ያናድዳል። ግን የተለያየ መጠን ያላቸው ቤሎች አብረውት ይመጣሉ፣ እየፈታችሁ የምትቀያይሩት፣ እና ቤሉ እውነተኛ ቤል ነው! ቱቦዎቹን በትንሽ ፕላስተር አንድ ላይ እሰሯቸው፣ ንክኪው ይቀንሳል። ይሄን ይዞ ክሊኒካሉን የጨረሰ ጎበዝ ሐኪም አውቃለሁ። ሌሎችም አሉ፣ ኤምዲኤፍ፣ ኤዲሲ፣ ሪስተር፣ ስማቸው እንደ ሊትማን አይጮህም እንጂ እቃ ናቸው። አንድ ፊት ብቻ ያለው፣ ከቢፒ አፓራተስ ጋር በቦርሳ የሚሸጠው ቀላሉ ግን ለቢፒ ነው። ለቢፒ አይናቅም፣ ኮሮትኮፍ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1905 ያገኛቸውን የደም ግፊት ድምፆች በደንብ ያሰማል፣ ለልብ ግን እሱን አትግዙ።

እና ፌኩ! ፌክ ሊትማን በሽ ነው። ተክለሃይማኖት አካባቢ ሱቅ ብትሉ፣ ቴሌግራም ቻናል ብትሉ። "ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ?" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፣ "የኔ ወንድም ኦሪጅናል ነው" ይላችኋል፣ ሌላ ምን እንዲል ትጠብቃላችሁ? አንድ ተማሪ አምጥቶ አሳየኝ፣ ካርቶኑ የሚያምር፣ ቦርሳ ያለው፣ ብረቱ ላይ ሊትማን የሚለው ጽሑፍ በጥፍሬ ስፈገፍገው ተነሳ። ዋናው ክላሲክም ካርዲዮሎጂም ብረቱ ላይ የተቀረጸ መለያ ቁጥር አለው፣ በቀለም የታተመ ሳይሆን የተቀረጸ። ቁጥር ከሌለው ተዉት። ዋጋው ከሚገባው ሲሶ ከሆነ ተዉት። ቻይና የተሠራ ሁሉ ፌክ ነው እያልኩ አይደለም፣ በራሱ ስም የተሸጠ ጥሩ የቻይና እቃ አለ። የኔ ጸብ የሰው ስም ለጥፎ ከሚመጣው ጋር ነው። እውነተኛ ርካሽ ከውሸት ውድ ይሻላል፣ ምክንያቱም በፌኩ ምንም ሳትሰሙ ስትቀሩ ጥፋቱን ጆሯችሁ ላይ ነው የምታላክኩት፣ "እኔ ልብ አይሰማኝም" ብላችሁ ትተዋላችሁ። እንደዛ ብሎ የተወ ተማሪ አይቻለሁ።

ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ ሞክሩት። ጆሮ ላይ የሚገባው ጫፍ ለስላሳ ሆኖ ጆሯችሁን ድፍን ካላደረገ አየር ያስገባል፣ አየር ከገባ ዝቅተኛው ድምፅ ነው መጀመሪያ የሚጠፋው። ያው ቤላችሁ ጠፋ ማለት ነው። የራሳችሁን ልብ አዳምጡ፣ ባለሱቁ ቢስቅ ይሳቅ። ኤሌክትሮኒኩን ለጊዜው ተዉት፣ ባትሪ ቻርጅ ምናምን፣ የዋርዱንም ጫጫታ አብሮ ያጎላዋል። የመስማት ችግር ያለባችሁ ካላችሁ ግን ለናንተ የተለየ ነው፣ በኋላ ለብቻ እናውራ፣ መፍትሄ አለው።

ቀለሙን? ደስ ያላችሁን። ማንም ያልያዘውን ቀለም ብትመርጡ ግን ቶሎ አይጠፋም። ስማችሁንም ጻፉበት።

ሦስተኛው፣ ከገዛችሁ በኋላ። ሰአት እየሄደ ነው አይደል? ፈጠን ልበል።

ጆሮ ላይ ስታደርጉት ጫፎቹ ወደ ፊት፣ ወደ አፍንጫችሁ አቅጣጫ ይዩ። የጆሮ ቀዳዳ ወደፊት ነው የሚሄደው፣ ገልብጣችሁ ካደረጋችሁት ድምፁ ግድግዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ጭንቅላቱ ይዞራል፣ አንዱ ፊት ሲከፈት ሌላው ይዘጋል፣ ከማዳመጣችሁ በፊት በጣታችሁ ነካ አድርጉት። ጠዋት ደብረ ብርሃን ወይ ጎንደር ውርጭ ላይ ያንን ብረት ቀጥታ ህጻን ደረት ላይ ብታሳርፉት ልጁ አለቀሰ፣ ምርመራው አለቀ፣ መዳፋችሁ ውስጥ አሙቁት። ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ስትሄዱ በሰባ ፐርሰንት አልኮል ጥረጉት፣ አልኮሉ ውስጥ ግን አትንከሩት፣ አትቀቅሉት። ላብና ቅባት ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ባዶ አንገት ላይ ሳይሆን ኮሌታ ላይ ይሁን ወይ ኪስ ውስጥ።

እና አዳምጡ። ምን አዳምጡ? ጤነኛ! የክፍል ጓደኛችሁን፣ ታናሽ ወንድማችሁን፣ አስፈቅዳችሁ አባታችሁን። መርመር፣ ማለቴ ያ በምቶች መሃል የሚሰማው፣ ጤነኛውን ያልጠገበ ጆሮ አይለየውም። ስልክ ላይ የልብ ድምፅ ቅጂዎች አሉ፣ ስሟቸው፣ ግን በኢርፎን! የስልክ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ አያወጣም፣ ማይትራል ስቴኖሲስን በስልክ ስፒከር ከፍታችሁ "አይሰማም" ብትሉኝ አዎ አይሰማም።

ማዋለጃ ስትዞሩ ደሞ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ፣ የእንጨት ወይ የብረት ወይ የፕላስቲክ ቀንድ የሚመስል፣ ፒናርድ። እ.ኤ.አ. በ1895 ነው የተሠራው፣ ዛሬም አዋላጆቻችን ጤና ጣቢያ ውስጥ በእሱ ነው የጽንስ ልብ የሚቆጥሩት፣ በደቂቃ ከ110 እስከ 160። ሊትማን ይዣለሁ ብላችሁ እንዳትንቁት። ሲስተሯን "አሳዪኝ" በሏት፣ የት እንደሚቀመጥ ከማንኛችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

እሺ በቃኝ። አሁን ስቴቶስኮፕ የያዛችሁ ተነሱ። ሁላችሁም። የሌላችሁ ካላቸው ጋር ጥንድ ሁኑ፣ ዛሬ መዋስ ይፈቀዳል። ጆሯችሁ ላይ አድርጉት… አንተ፣ ሰማያዊ ሹራብ፣ ገልብጠህ ነው ያደረግከው፣ ወደ ፊት፣ አዎ እንደዛ። አሁን ሰፊውን ፊት በጣታችሁ ነካ አድርጉ። ያልተሰማችሁ እጅ አውጡ። አያችሁ? ግማሹ! አዙሩት። በሌላው ፊት ነው የተከፈተው፣ አዙሩት። እሺ አሁን የራሳችሁን ልብ ፈልጉ፣ በግራ በኩል፣ ከጡት ዝቅ ብሎ፣ በቤሉ፣ ሳትጫኑ። ሳትጫኑ አልኩ! ከኋላ ዝም በሉ እስቲ፣ እናቶችም ይቅርታ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ። ከዛ ማይኩን እዛ ጥግ ላለችው ልጅ ስጧት፣ ቅድም ጀምሮ እጇን አውጥታለች፣ ጥያቄ ከሷ እንጀምራለን።